በባሕር በኩል ያለው ክምር

መጋቢት 16 ቀን 1962፣ ረቡዕ

በመጋቢት እንዲህ ካቃጠለን ሰኔ ምን ሊያደርገን ነው? የቢሮው ቬንትሌተር ዛሬም ቆሟል። አቶ ስለሺ «ነገ ይሠራል» አለ። ሥራ አስኪያጃችን ጨዋ ሰው ነው፤ ለሁሉም ነገር «ነገ» የሚል መልስ አለው።

ከሰዓት በኋላ ከበይሉል ማዶ ካለው የወርቅ ሥራ በሬዲዮ ጠሩን። ዶዘሩ ሥራ ጀምሯል። ጣልያን ድሮ ወርቅ ሲቆፍር የማይረባውን አፈር ከምሮት የሄደ ጉብታ አለ… ያን ጊዜ የጣለውን አሁን ፈጭቶ፣ በመርዝ አጥቦ ወርቅና ብር ሊያወጣበት ነው። የበላበትን ሳህን ሊልስ ተመለሰ። ደብዳቤውን የምጽፍለት እኔ ነኝ፤ ጣልያንኛ መማሬ ለዚህ በጀኝ።

ማታ ራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች።

«በየት በኩል ጀመሩ?»

«በተራራው በኩል።»

«በባሕር በኩልስ?»

አባቴ በባሕር በኩል ነው ያለው።

መጋቢት 17

ሌላ ጊዜ ስለ አባቴ ብጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። ዛሬ ሳልጠይቃት አወራች። ለጣልያን ወርቅ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደረመሰበት። ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ዶማ የሚሰብር። ለመቃብር የሚሆን መሬት ስለጠፋ የሞተውን ሠራተኛ ሁሉ ክምሩ ውስጥ ቀበሩት። በሰሌን ጠቅልለው። ካህን የለ፣ ፍትሐት የለ። እኔ ጡት እጠባ ነበር።

«እንደ ውሻ ጣሉት» አለች። እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

አጽሙን አውጥተን እዚህ አሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን እናሳርፈዋለን። ሌላ ምን አለ?

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ሲኞሩ፣ ባለቤቱ ጣልያን፣ ዛሬ ቢሮ አልገባም። ትናንት ፋሲካቸው ነበር። የኛ ገና ወር ገደማ ይቀረዋል።

አለመኖሩን አይቼ የአባቴን ነገር ለአቶ ስለሺ ነገርኩት። ደነገጠ። አማተበ። «አጽሙን እስክታነሡ በባሕር በኩል ያለው አይነካም። ወላዲተ አምላክን!» አለኝ። በዚህ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ጾመኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእሷ ስም ይዋሻል?

ሚያዝያ 2

ለፍትሐቱ አብረውን ሊሄዱ የነበሩትን አባ ወልደሚካኤልን ወባ ጣላቸው። ሌሎቹ ካህናት በጾም ደብሩን ጥለን አንወጣም አሉ። አናጢው ሳጥኗን ጨርሷል። ትንሽ ናት… ለአጽም ትበቃለች ይላል።

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

ከእማዬ ጋር ተጣላን።

አባ ዛሬም አልተነሡም። ነገ የዓሣ መኪና ወደ በይሉል ይሄዳል። ከነገ ወዲያ ሆሣዕና ነው፣ ከዚያ ሕማማት ይገባል። በሕማማት ደግሞ ፍትሐት የለም። ነገ ሄደን እናንሣው፣ ፍትሐቱ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል አልኳት።

«አንዴ ያለ ፍትሐት ቀበሩት። ደግሞ እኔ ያለ ፍትሐት ላንሣው?»

«ዶዘር እኮ ነው፣ እማዬ! ዶዘር ሕማማት አያውቅም!»

«ስለሺ ያውቃል። ክርስቲያን አይደለም እንዴ?»

እኔስ አምኜው የለ? አባም «የፋሲካ ማግስት እንሄዳለን» ብለው ላኩብን። በቃ፣ ቀጠሮው ተቆረጠ።

ሚያዝያ 11፣ ሆሣዕና

ካህናቱ በዚህ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ አስቀድመው ፈቱለት። የሚሞተው ተፈታ፣ የሞተው ይጠብቅ።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

በሬዲዮ ወሬ መጣ። በባሕር በኩል የተወሰደው ናሙና ከሌላው እጅግ ይበልጣል፣ ወርቁም ብሩም። ሲኞሩ እጁን አፋተገ። «ቤኔ፣ ቤኔ!» ይላል፤ ጥሩ፣ ጥሩ ማለቱ ነው። አቶ ስለሺ አቀርቅሮ ወረቀት ያገላብጣል።

ሲኞሩ ሲወጣ ጠጋ ብዬ፣ «ቃል ገብተውልኛል» አልኩት።

«አዎ፣ አዎ… አታስቢ።»

ሁለት ጊዜ አዎ ምንድን ነው? አንዱ አይበቃም? ለእማዬ አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 16፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን ስንሰግድ ዋልን። አቶ ስለሺ ከወንዶቹ መሃል ነበር፤ ነጠላው በላብ ርሷል፣ ግንባሩ አሸዋ ለብሷል። ሌላው ሲያርፍ እሱ ይሰግዳል። በከንቱ ጠረጠርኩት። ልቤ አረፈ።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ትናንት ሄድን። እኔ፣ እማዬ፣ አባ… ሳጥኗም።

በባሕር በኩል ክምር የለም። ሜዳ ነው። ከቆምንበት ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል።

ንጋቱ የሚባለው የዶዘር ነጂ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። «መቃብር መሆኑን ማንም አልነገረኝ፣ እማማ። ሐሙስ ቆፍር ተባልኩ፣ ቆፈርኩ። በዚያ አቧራ ድንጋይ ይሁን አጥንት አይለይም።» ሁሉም ወፍጮ ገብቷል። ከወፍጮው ወደ መርዙ፣ ከመርዙ ወደ ዝቃጩ ኩሬ። ኩሬው ጭቃ ነው፣ ዙሪያው ሽቦ።

እማዬ ሽቦውን ጨብጣ ቆመች።

«ልጄ፣ እሱ ጭቃው ውስጥ ነው ወይስ ከወርቁ ጋር ሄዷል?»

ንጋቱ አለቀሰ።

አባ ኩሬው ዳር ቆመው ፈቱት። ስመ ክርስትናውን ጠየቁ፤ ወልደየሱስ አለቻቸው። አብረውት የተቀበሩትንም ስም ጠየቁ። የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ አላለቀሰችም። ያስፈራኝ ይህ ነው። ሳጥኗን ባዶዋን ታቅፋ ተመለሰች።

ሚያዝያ 21

«ረቡዕ ማታ ታዘዝኩ» አለ አቶ ስለሺ። «ሲኞሩን ፋሲካ ይለፍ እንጂ ብለው፣ የኛ ፋሲካ ካለፈ ወር ሊሆነው ነው አለኝ። ምን ላድርግ?»

«ስቅለት ዕለት ሲሰግዱ አይቼዎታለሁ።»

«ለዚሁ ነው የሰገድኩት» አለኝ። ምንም አላፈረም! እሱ ከእግዚአብሔር ጋር ሒሳቡን ዘግቷል። እኛ ነን የቀረነው።

ልተፋበት አሰብኩ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራውን ብለቅ እማዬን ምን አበላታለሁ? ራሴን ጠላሁት። የሲኞሩን ደብዳቤ ጽፌ ጨረስኩ፣ አንድም ስሕተት የለውም።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ከእማዬ ጋር ገበያ ወጣን። ካለፈው ወዲህ ዛሬ ገና ከቤት መውጣቷ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ሱቋ ደጃፍ ቆማለች፤ አንገቷ ላይ አዲስ የወርቅ ሐብል።

እማዬ ቀጥ ብላ ቆመች። ነጠላዋን አጣፋች። አማተበች። ወደ ሐብሉ አጎንብሳ «ነፍስ ይማር» አለች።

«ማን ሞተብኝ! ምን ታሟርቺብኛለሽ!» ሴትየዋ ጮኸች። ሰው ተሰበሰበ። «ኧረ እናትሽን ያዣት፣ ነካ አድርጓታል» ይሉኛል።

ይቅርታ ልጠይቅላት አፌን ከፈትኩ… ከዚያ ሐብሉን አየሁት። እኔም አማተብኩ፤ «ነፍስ ይማር» አልኩ።