ሳትወለድ ከሰባት ዓመት በፊት ተከትባለች ስለተባለችው ልጅ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሚሳኤል
የትምህርት ቤቱ ባለቤትና ርእሰ መምህር
ላፍቶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ በር ላይ የሚቆሙት ዘበኛ፣ እንዲሁም ዘንድሮ ሥራ የጀመረው ኮምፒውተርዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የልጅ ልጄ ለሊሴ ዋቅጅራም ደህና ናት። በርዎ ላይ ስሟን የለጠፉበት ወረቀትም በፕላስቲክ ስለተሸፈነ የክረምቱ ዝናብ ሳያገኘው እስከ ዛሬ ደህና ሰንብቷል፤ ስለ አያያዝዎ አመሰግናለሁ።

የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ ላይ ያልጻፍኩት ማስታወቂያ እንዳይሆንልዎት ብዬ ነው። መካኒሳና ላፍቶ የምንኖር ሰዎች የትኛው እንደሆነ እናውቀዋለን፤ ሌላው ሰው ባያውቀው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ማን እንደሆንኩ ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል። ነሐሴ 20 ቀን፣ በምዝገባው ሰልፍ ፊት፣ «እማማ፣ ወረቀቱን ማንበብ ለሚችል ሰው ይስጡና ያስነብቡት» ብለው የመከሩኝ ባለ ጥቁር ነጠላ ሴት ነኝ። ምክርዎን ተቀብዬ ለምታነብ ሰው ሰጥቻለሁ። የምታነበው እኔው ነኝ። በሰፈራችን ከፍርድ ቤት መጥሪያ እስከ መድኃኒት ማዘዣ ድረስ ወረቀት ያስቸገረው ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቼ ስለማላውቅ ግን እንዲህ ያለው ነገር ከእርስዎ መሥሪያ ቤት አይታይም።

ልጅ ሳይከተብ ክፍል አይገባም የሚለውን ደንብዎን እደግፋለሁ። ከእኔ አብልጦ የሚወደው ሰው በወረዳችን ያለም አይመስለኝም። ቅሬታዎቼን በቁጥር ያቀረብኩት ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

1ኛ. ስለ ኮምፒውተሩ። የለሊሴ የክትባት ካርድ የተሞላው ጤና ጣቢያው በሚጠቀምበት፣ እኔና እርስዎም በተጠመቅንበት በእኛው አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት የወሰደችው ጥቅምት 2012 ነው ይላል። የመመዝገቢያ ቅጽዎ ደግሞ የልደት ቀን በፈረንጅ ካልሆነ አይቀበልም። ስለዚህ ጥር 4 ቀን 2011 የተወለደችው ልጅ እርስዎ ዘንድ ስትደርስ ጃንዋሪ 12 ቀን 2019 ተወለደች ተባለ። መዝጋቢዋ ወ/ሪት አምሳለ የልደቱን በፈረንጅ፣ የክትባቱን እንዳለ አስገባችው፤ ኮምፒውተሩም ቀይ አበራ። «እማማ፣ ይቺ ልጅ እኮ ሳትወለድ ከሰባት ዓመት በፊት ተከትባለች» አለችኝ። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም የሚታረም ነገር መስሎኝ አብሬ ፈገግ አልኩ። ያኔ እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው፣ ካርዱን በሁለት ጣትዎ አንጠልጥለው፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ፎርጂድ ነው» ሲሉ ፈረዱ።

ቢሮዎ ግድግዳ ላይ የማስተርስ ዲግሪዎ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ማስተርስ ላለው ሰው በዚህ አገር ዓመቱ የሚለወጠው መስከረም ላይ እንደሆነ ማስረዳት ድፍረት መስሎ ስለታየኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ሞከርኩ። ሦስተኛውን ሳልጀምር ዘበኛውን ጠሩ። ዘበኛው የሰው ፊት የሚያፍሩ ሰው ናቸው፤ «እናቴ፣ እኔ ራሴ ገብቶኛል፣ ግን ምን ላድርግ» እያሉ ነው የሸኙኝ።

2ኛ. ስለ ማስታወቂያው። በማግስቱ በሩ ላይ «ሐሰተኛ የክትባት ማስረጃ በማቅረባቸው ያልተመዘገቡ ተማሪዎች» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከሥሩ የተጻፈው ስም አንድ ብቻ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህን ያህል ትልቅ ፊደል ማውጣትዎ ለጋስነትዎን ያሳያል። እናትና አባቷ ሐዋሳ ስለሚሠሩ የምታድገው እኔ ጋ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ አብረዋት ገመድ የሚዘሉት ልጆች ገመዳቸውን ይዘው ወደ ሌላው በር ሄዱ። የአንዷ እናት «ለጊዜው ነው እትዬ፣ እስኪጣራ» አለችኝ። ለሊሴ ሦስት ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ቆየችና «አያቴ፣ እኔ በሽታ ነኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው በትክክል የሚመለከተው እርስዎን ስለሆነ ይኸው ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ። መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

3ኛ. ይህ ቅሬታ ሳይሆን ማብራሪያ ነው። ብዙ ሰው ስሙ ሲጠፋ ይቆጣል፣ ከዚያ ይረሳል። እኔ ለምን እንደማልረሳ ማወቅ ይጠቅምዎታል።

በ1981 ዓ.ም. መካኒሳ ስንኖር ከታቢዎች ቤት ለቤት መጡ። የመጀመሪያ ልጄ ኖላዊ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። መርፌው ልጅ ያመክናል ሲባል ሰምቼ ነበርና ድብብቆሽ እንጫወት ብዬ አልጋ ሥር አስገባሁት። ለከታቢዎቹ «አክስቱ ጋ ሄዷል» አልኳቸው። ጨዋታ መስሎት ትንፍሽ አላለም። በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና ለሥራ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ሰው እንዲያነብልኝ ለመጠየቅ ደግሞ ልጅ መደበቄ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ወር ኩፍኝ ገባ። ኖላዊ በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ፊደል ያስተማረኝ ያ ወረቀት ነው። በባለቤቴ አሮጌ ጋዜጦች ላይ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ስለፋ ቆይቼ መጀመሪያ አሟልቼ ያነበብኩት እሱን ነበር። «ዛሬ ያላገኘናቸውን ሕፃናት ለመከተብ ሐሙስ ጠዋት እንመለሳለን፤ እባክዎ ልጅዎን ይዘው ይጠብቁ» ይላል። ያ ሐሙስ ጠዋት ልጄን አዝዬ ገበያ ወጥቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእኔ እጅ ያለፈ ልጅ አንድም ክትባት አምልጦት አያውቅም። የልጄም፣ የልጅ ልጄም ካርዶች ከዳዊቴ ጋር በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው ነው የሚቀመጡት። እርስዎ በሁለት ጣትዎ ያንጠለጠሉት እንግዲህ ያን ነው። በዓለም ላይ ካሉት ውሸቶች ሁሉ መርጠው እኔ ልዋሽ የማልችለውን አንዱን አሸከሙኝ።

4ኛ. ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ። ወ/ሪት አምሳለ ስትሸኘኝ አንገቷን ደፍታ፣ «እማማ፣ አጠገባችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ቀኑን ወደ ፈረንጅ ያስተካክሉልዎታል፤ ሌሎቹም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» ብላኝ ነበር። እውነተኛውን በሐሰተኛ ለውጬ ላምጣ? አልሄድኩም። ነገር ግን ጥፋቴን አልደብቅም፤ ከምዝገባው በፊት ለሰነድ ማያያዣ ኮፒ አምጡ ስላላችሁ ካርዱን እዚያው ቤት አሳድሬው ነበር። ያደረ ካርድ እንደሚወልድ አላወቅኩም።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ሞልቱ የልጇን የኢሉን ካርድ ይዛ መጣች፤ ትምህርት ቤትዎ የተቀበለው ካርድ ነው። «እትዬ ተሾመች፣ ቀጣዩ ክትባት መቼ እንደሆነ አንብቢልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። ቀኖቹ ሁሉ ንጹሕ የፈረንጅ ቀኖች ናቸው፤ ኮምፒውተር የሚወዳቸው ዓይነት። ከመካከላቸው ባለው መስመር ላይ ግን አንድ ስርዝ አየሁ። ያን ስርዝ አውቀዋለሁ። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ቡዜ የለሊሴን ሁለተኛ ክትባት ስትጽፍ መጋቢት ለማለት የካቲት ብላ ጀምራ ሁለት ጊዜ ሰርዛ ጎኑ ላይ የፈረመችበት ነው። የካርዱም ቁጥር የእኛው ነው።

«ሞልቱ፣ ኢሉ ይህን ክትባት የት ነው የወሰደው?» አልኳት።

«ምን የት አለው? ገጠር ነው የተወለደው፤ አንዷን ከወሰደ ወሰደ። ወረቀቱ ካለ መርፌው ምን ይሠራል? ደግሞ እኔን ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው የላከኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በእድራችን ስብሰባ ልጆቻቸውን ለእርስዎ የሰጡ እናቶችን ካርዳቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። የኢሉን ጨምሮ ሰባት ካርዶች መጡ። ሰባት ልጆች፣ ሁሉም በአንድ ነርስ እጅ ተከትበው፣ ነርሷም በሁሉም ላይ ያችኑ መስመር ተሳስታ ያችኑ ስርዝ ሰርዛለች። ለሲስተር ቡዜ ወስጄ ሳሳያት መጀመሪያ ሳቀች፤ «ይሄንን ስርዝማ አስታውሰዋለሁ፣ የዚያን ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም ነበር» አለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ መዝገቧን አወጣች። ከሰባቱ ልጆች አምስቱ መዝገቡ ውስጥ የሉም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ከትምህርት ቤትዎ ያባረሩት እናትየውን ካርድ ነው። የተቀበሏቸው ልጆቿን ነው።

አሁን ያደረግሁትን ላስረዳ። እናቶቹን አልከሰስኩም፤ ሞልቱ ስሟን እንድጽፍ ራሷ ፈቅዳልኛለች፣ የሌሎቹን ስም ግን ለማንም አልሰጠሁም፣ አልሰጥምም። የፈራ ሰው ልጁን ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። አንድ በአንድ እጃቸውን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ኢሉ ሲወጋ አልቅሷል፤ ሞልቱ ከእሱ ብሳ አልቅሳለች። ሰባቱም ልጆች ዛሬ በመዝገብ ላይ ያሉ፣ በእውነተኛ ቀን የተሞላ እውነተኛ ካርድ ያላቸው ናቸው። አሮጌዎቹን ካርዶች እናቶቹ ፈርመው ለሲስተር ቡዜ አስረክበዋል። ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን ጠዋት የወረዳው ጤና ጽ/ቤት ሰዎች ከሲስተር ቡዜና ከመዝገቧ ጋር መጥተው የእርስዎን ፋይል ያያሉ። በዚያን ቀን በግቢዎ ውስጥ አጥፍቶ የሚያፍር ልጅም እናትም አያገኙም። ሐሰቱ የሚገኘው በፋይልዎ ውስጥ ብቻ ነው፤ በፋይሉ ላይ ያለው ፊርማም የእርስዎ ብቻ ነው። ይህን ለማድረግ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ዝም ያልኩ መስሎዎት ከነበረ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት እስከ ሰኞ እንዳያነሱት። ድንገት ንፋስ ወሰደው እንዳይሉኝ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ እንግዶቹ ግን በቦታው ቢያዩት ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛው፣ ሰኞ ሲነሳ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ፊደል ልክ፣ በዚያው ፕላስቲክ «የለሊሴ ዋቅጅራ ማስረጃ ትክክለኛ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» የሚል ጽፈው ለተመሳሳይ ቀናት ያቆዩልኝ። ቀኑን በየትኛውም አቆጣጠር ይጻፉት፣ አልጨቃጨቅም።

ለልጅቱ ቦታ እንዲሰጡ አልለምንዎትም። መንግሥት ትምህርት ቤት ገብታለች። መምህርቷ ካርዷን ተቀብላ ቀኖቹን በእስክሪብቶ ወደ መዝገብ ስትገለብጥ ቆሜ አየሁ፤ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ የት እንደተማረች ልጠይቃት አስቤ ነበር።

ለሁሉም ነገር አመሰግንዎታለሁ። ልጄን ከደበቅሁ ጀምሮ ሌላ ሰው የምቀጣበት ምክንያት አግኝቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የምቀጣው ራሴን ነበር። ለሁለት ወር ያህል አሳረፉኝ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይጠፋ ፋይልና ብዙ ጎብኚ የምትመኝልዎት፣
ማንበብ የምትችለው
ወ/ሮ ተሾመች አስረስ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለወረዳው ጤና ጽ/ቤት
ለወረዳው ትምህርት ጽ/ቤት
ለእድራችን ሰሌዳ
ለዘበኛው፣ በአክብሮት

ከፈረምኩ በኋላ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል እርስዎ የላኳቸው ሦስት ሽማግሌዎች ደረሱ፤ የሰኞው ጉብኝት ጆሮዎ ደርሶ ኖሯል። «ነገሩ በእርቅ ይለቅ፣ ሰውዬውም ተጸጽቷል፣ ሰኞም ይቅር» አሉኝ። የመጣ ሽማግሌ አይመለስምና አስገብቼ ምሳ አቀረብኩ፤ እየበሉም ይህንኑ ደብዳቤ ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው። አራተኛው ቁጥር ላይ ስደርስ ሁለቱ ጉርሻቸውን እንደያዙ ተያዩ። የልጅ ልጆቻቸው እርስዎ ጋ ነው ለካ የሚማሩት። እጃቸውን ሳይታጠቡ ካርድ ሊያዩ ወጡ፤ አንደኛው ጫማውን በሌላው ጫማ ለውጦ ነው የሄደው። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልዎት ሦስተኛው ሽማግሌ ነው። ምሳውን የጨረሰው እሱ ብቻ ነው፤ ልጅ የለውም።