ስለ ሰብለ ማዳመጫ የሰጠሁት የመጨረሻ ቃል

እኔ ገብረኪዳን ወልደሰንበት፣ ዕድሜዬ ሰባ አራት ዓመት፣ በኮለምበስ ከተማ ከሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ኦክቶበር 23 ቀን 2021፣ ይህን ቃል የምሰጠው ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ ነው። ጤነኝነቴን የሚጠራጠር ካለ አንድ ሬዚስተር፣ ያችን ባለ ቀለም ቀለበት ትንሽ የራዲዮ ዕቃ፣ ያምጣ፤ ልኩን ከቀለሙ አይቼ እነግረዋለሁ።

ጸሐፊዬ ማንያህልሻል ናት። በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ፣ የሚያቋርጠኝን ሰው ቃል ጭምር፣ ሳታሳምር እንድትጽፍ አዝዣታለሁ። ምስክሮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው ጎረቤቴ ኑረዲን ነው። ሁለተኛው ጣሰው ነው፤ በሩ አጠገብ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ለምን እንደጠራሁት በቦታው እናገራለሁ።

አንደኛ። ቤቴን ከነዕቃው፣ የሞገድ ማሳያዬንና መበየጃዬን ጭምር፣ ለልጄ ለሀሴት አውርሻለሁ። ሀሴት አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ነገር ግን እናቷ መስማት ባቃታት ጊዜ ፊት ለፊቷ ቆማ ቃል በቃል በአማርኛ ታወራት የነበረች እሷ ናት፤ ስለዚህ ስለ ቋንቋዋ ማንም እንዲወቅሳት አልፈቅድም።

ሁለተኛ። የበረዶ መጥረጊያ ማሽኔን ለኑረዲን ልተውለት አስቤ ነበር። ማንያህልሻል ግን በዚህ ግዛት ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አይወርስም ብላ አስረዳችኝ። ኑረዲን «ኖ ፕሮብሌም፣ ጋሼ። እኔው ነኝ ስጠርግበት የኖርኩት» አለ። እውነቱን ነው። ማሽኑም ለሀሴት ይሁን፤ እሷ ታውሰዋለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ደብተሬ። ባለቤቴ ሰብለ ጆሮዋ መድከም የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሐኪሞች የሰጧት ማዳመጫ ሰሃን ሲጋጭ እንጂ ሰው ሲናገር አያሰማኝም ብላ አውጥታ ጣለችው። እኔ በአገሬ ሃያ ሁለት ዓመት ራዲዮ የጠገንኩ ሰው ነኝና ራሴ ልሠራላት ተነሣሁ፤ ሥዕሉንና የየዕቃውን ልክ በዚህ ደብተር ጻፍኩ። ያን ጊዜ ግሮቭ ሲቲ በአንድ መጋዘን ካርቶን እናሽግ ነበር፤ ከጎኔ የሚያሽገው ጣሰው ነበር። «ጋሼ፣ አስተምረኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቴ ምድር ቤት አልጠፋም።

ያስተማርኩት ይህን ነው። ማጉያ ትንሹን ድምፅ ትልቅ ያደርጋል፤ ብቻውን ከተተወ ግን ልክ የለውም። ስለዚህ ከሚወጣው ጥቂቱ በአንድ ሬዚስተር በኩል ወደ መግቢያው ተመልሶ እንዲቃወመው ይደረጋል። ማጉያው ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ የሚወስነው የዚያ ሬዚስተር ልክ ነው። ልኩ ሲበዛ ወደ መግቢያው የሚመለሰው ያንሳል፣ ድምፁም ያለ መጠን ይጎላል፤ የጆሮ ማዳመጫው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ እየተመለሰ ያፏጫል።

ሰብለ ማዳመጫውን መጀመሪያ ያደረገች ቀን «ይህ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?» አለች። የማቀዝቀዣው ድምፅ ነበር። ስድስት ዓመት ሰማችበት፤ በ2011 ዓ.ም. አረፈች።

ወረርሽኙ ሲገባ መገናኘት ቀረ። ጣሰው ደብተሩን አውሰኝ ቢለኝ በላስቲክ ጠቅልዬ ደጃፌ ላይ አስቀመጥኩለት። ዓመት ሳይሞላ ኑረዲን ስልኩን ይዞ መጣ። ጣሰው በቪዲዮ የእኔን ሥዕል ገልጦ «ይህን ዲዛይን ያደረግኩት ለባለቤቴ ጆሮ ብዬ ነው» ይላል። ባለቤቱ እናናዬ እኮ ሁለት ክፍል አልፋ ሹክሹክታ የምትሰማ ሴት ናት።

ሥዕሉን ብቻ ቢወስድ ሙያ ነው ብዬ ባለፍኩት። እሱ ግን ሰብለን ወሰደብኝ፤ ስድስት ዓመት የሰማችበትን ከስሟ ነጥሎ ላላወቃት ሕዝብ የራሱ አድርጎ አወራው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ማንያህልሻል፣ ቃሉን አታለስልሺው፤ ከዳኝ።

ከዚያ በኋላ ደወለልኝ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ ቪዲዮውን አይተው የሠሩት ሰዎች ኮምፕሌይን እያደረጉ ነው፣ ያፏጫል ይላሉ። ምን ልበላቸው?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት፤ ደብተሬንም ኑረዲን ሄዶ አመጣልኝ። ያፏጫል በመባሉም ደስ አለኝ። ይህም ይጻፍ።

አራተኛ። በደብተሬ አራት መቶ ሰባ ሺህ ኦም ተብሎ የተጻፈው የማጉያው ሬዚስተር ልክ ሐሰት ነው። ትክክለኛው አርባ ሰባት ሺህ ነው። ሐሰቱን ሆን ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጣሰው ቤቴ በገባበት በመጀመሪያው ሳምንት። አባቴ መድኃኒት አዋቂ ነበር። ለጠየቀው ሁሉ ሥሩን ቅጠሉን ይነግራል፤ አንዲቱን ግን ያስቀራል። ያስቀራትን ለእኛ ለልጆቹም ሳይነግር ሞተ። እኔም ያንኑ አደረግኩ።

ይዤው ልሞት ወስኜ ነበር። በበጋው ግን ሀሴት ከቪዲዮው ሥር የተጻፈ አንድ አስተያየት አነበበችልኝ። አንዲት ሴት ለአባቷ ሠርታ ሰጠችው፤ እሱ ግን ጆሮው ላይ ቢጮህበት ወርውሮት፣ ሁለተኛ ምንም ነገር ጆሮዬ ውስጥ አላስገባም ብሏል። ይህ ሰው እኔን አልበደለኝም። ስለዚህ ሀሴት ትክክለኛውን ልክ ከእናቷ ስም ጋር ለሁሉም እንድታወጣ አዝዣለሁ።

እዚህ ላይ ጣሰው ተነሣ።

«ጋሼ፣ ያንን ሬዚስተር ሁልጊዜ አንተ ነበርክ የምትበይደው።»

«አዎ።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ታቃጥለዋለህ ብለህ።»

«ይህንም ጻፊው» አልኳት ማንያህልሻልን።

«እጄ ታሟል ብዬ የራስ ኤምአርአይ ሁሉ ተነሣሁ እኮ። እናናዬ እንደ አባቱ በመንቀጥቀጥ በሽታ አልጋ ላይ ሊውልብኝ ነው ብላ ስታለቅስ ከረመች። ዶክተሩ ምንም የለህም ሲለኝ አላመንኩትም፣ ዶክተር ቼንጅ አደረግኩ። ያመንኩት አንተን ነበር።»

ኑረዲን አቀረቀረ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያን ቃል የተናገርኩት እጁን ከዚያች ቦታ ለማራቅ ነበር፤ ከተናገርኩት በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም።

አምስተኛ። ጣሰውን ምስክር ያደረግኩት ምስክር ስለማይወርስ ነው። ደብተሩን ይመኘዋል፤ ሰምቶና ፈርሞ ባዶ እጁን እንዲወጣ ብዬ ነበር። አሁን ደብተሩ ለእሱ እንዲሆን እወዳለሁ። ማንያህልሻል «አቶ ጣሰው ከፈረሙ አይሆንም፣ ጋሼ፤ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል» አለች። ኑረዲንም «አሚራን ኮል ላድርጋት፤ ሚስቴ ከመንገዱ ማዶ ናት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም» አለ። ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው፤ ጣሰው ዛሬ ካልፈረመ ደብተሩ የጣሰው ይሁን፤ ከፈረመ የሀሴት ይሁን። ሌላ የምለው የለኝም።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት እኔ ማንያህልሻል ነኝ። ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ጋሼ ገብረኪዳን ትክክል ነው ብለው በፊታችን ፈረሙ። ኑረዲን ስልኩን አውጥቶ ወደ አቶ ጣሰው ተመለከተ። አቶ ጣሰው «ተዋት፣ አትደውልላት» አሉና ወደ ጠረጴዛው መጡ። ጋሼ «ጣሰው፣ ደብተሩ ያንተ ነው እያልኩህ ነው» አሏቸው። አቶ ጣሰው «ሰምቻለሁ፣ ጋሼ» ብለው ብዕሩን ተቀበሉ።

ተናዛዥ፦ ገብረኪዳን ወልደሰንበት (ፊርማ)

ምስክር፦ ኑረዲን (ፊርማ)

ምስክር፦ ጣሰው (ፊርማ)፤ በእጃቸው የጨመሩት፦ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ምንም አልወረስኩም።