በብስክሌት ሄጄ ያየሁት ግድግዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለአለምሰገድ፣ ወይራ አምባ።

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ የወገብ ቁርጥማት ዘንድሮስ ተወህ ወይስ እንደ አምናው አልጋ ላይ አዋለህ? እህታችን አያልነሽ እንዴት ናት? ዓይኗን አሳከማችኋት? ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ፣ ዝናቡስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ ሁለት ጥርስ ጎደለኝ እንጂ ጉልበቴ እንዳለ ነው።

ከእኔ ደብዳቤ ካየህ ስድስት ዓመት አለፈህ። ያኔ የጻፍኩትን አንተም አልረሳኸውም፣ እኔም አልረሳሁትም። ቤተ ክርስቲያናችን ኪዳነ ምሕረት ዝናብ እያስገባች ነው ሲሉኝ፣ በሲሚንቶ ትለሰን ብዬ ከዚህ ሆኜ አዘዝኩ። አንተ በኖራ የተገነባ ግድግዳ ሲሚንቶ አይወድም ብለህ ብትከራከር፣ ሕዝብ ፊት በሚነበብ ወረቀት ላይ "የገጠር ግንበኛ ምን ያውቃል" ብዬ ጻፍኩብህ። ተለሰነች። ግድግዳዋ አብጦ ሲሰነጠቅ ደግሞ፣ አርጅታለችና ትፍረስ፣ አዲስ ይሠራ ብሎ እዚህ ገንዘብ በሚያዋጣው ኮሚቴ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የፈረመው እኔው ነኝ። አሁን ጥቅምት 16 ቀን ታቦቱ ወደ መቃኞ ወጥቶ ማፍረስ ሊጀመር ነው። ይህን የምጽፍልህ እንዳትፈርስ ነው። እንዴት እዚህ ላይ እንደደረስኩ ሳልነግራችሁ ብቀር ግን ሽማግሌው ጃጀ ትላላችሁና ከሥሩ ልጀምር።

የልጄ የመቅደላዊት ልጅ ሔቨን ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ለምርቃቷ ከጓደኛዋ ጋር ፈረንሳይ አገር ገጠር ውስጥ፣ ቡርጎኝ በሚባለው ክፍል፣ ዘጠኝ ቀን በተራራ ብስክሌት ለመዞር አስበው ነበር። ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ጓደኛዋ ክንዷ ተሰበረ። መቅደላዊት እንግልውድ ነርስ ሆና ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ አላገኘችም፣ ብቻሽን አትሄጂም አለቻት። ልጅቷ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታለቅስ ባይ፣ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኩ። እናትና ልጅ ተያይተው ሳቁ። መቅደላዊት "አባባ፣ ይሄ እኮ ፓርኪንግ ውስጥ እንደ መዞር አይደለም፣ ዳገት ነው!" አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የፓርኪንግ ሠራተኛ ስለነበርኩ መውጋቷ ነው። ባይስቁብኝ ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር፤ ከሳቁ በኋላ ግን የሚያስቀረኝ ጠፋ።

ደግሞስ ብስክሌት ለእኔ አዲስ ነው እንዴ? ደብረ ብርሃን የተጣለ ብስክሌት ፈትቼ ገጥሜ ራሴን እንዳስተማርኩ አንተ ታውቃለህ። ከኋላ ጭኜ ገደል አፋፍ ላይ የጣልኩትም አንተኑ ነው። እዚህም በየማለዳው ከአውሮራ ተነስቼ በቼሪ ክሪክ ወንዝ ዳር ዳሩን ግሌንዴል ደርሼ እመለሳለሁ። የዴንቨር አየር ስስ ነው፤ እዚህ የለመደ ሳንባ ዝቅ ያለ አገር ሲወርድ የጎረምሳ ሳንባ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ሔቨን ከኋላዬ "አባባ፣ ስሎው ዳውን! ሬስ አይደለም እኮ!" እያለች ስትጮህ ዋለች።

አለምሰገድ፣ ያየሁትን እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልህ አላውቅም። እኔ በቀላሉ አልደነቅም። የኮሎራዶን ተራሮች ሠላሳ ዓመት ሳያቸው ድንጋይ ነው ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። እዚያ ግን አፌን ይዤ ነው የዋልኩት። አገሩ ኮረብታ ከኮረብታ እየተያያዘ እንደ ተዘረጋ ብርድ ልብስ ይንከባለላል። አንዱን ዳገት ጨርሰህ አናቱ ላይ ስትወጣ፣ ከፊትህ ስንዴው የታጨደ ቢጫ ማሳ፣ ከዚያ ነጫጭ ላሞች የተኙበት መስክ፣ ከዚያ በድንጋይ ካብ የተከለለ የወይን ተክል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ኮረብታ አለ። ከዚያ ቁልቁል ነው። ፍሬን ለቀቅ አድርጌ ስወርድ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ተሸክሜው የኖርኩት ነገር ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ።

አንድ ቀን ጫካ ውስጥ መንገዱ ድንገት ድንጋይ ንጣፍ ሆነ። ሔቨን የሮማውያን መንገድ ነው አለችኝ። የጋሪ እግር የቦረቦረው ቦይ እስካሁን ድንጋዩ ላይ አለ፤ ከዚያ ቦይ ውስጥ የብስክሌቴ ጎማ ገብቶ አልወጣም ሲል ወርጄ ጎተትኩ። ሌላ ቀን ግማሹ የወደቀ ቤተ መንግሥት አየን፤ አንድ ግንብ ብቻውን ቆሟል፣ ቁራ ይዞርበታል፣ ከሥሩ ገበሬ ድንች ይኮተኩታል። ገበሬው ቀና ብሎ አያየውም፤ ለእሱ እንደ ዛፍ ነው። እኔ ግን ብስክሌቴን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ናቸው። ከወይራ አምባ የማይበልጥ መንደር ሁሉ ስምንት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሆነው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለው። ዘበኛ የለው፣ አጥር የለው። ግድግዳው ዘመም ያለ አለ፣ ደረጃው በእግር ብዛት እንደ ሳህን የጎደጎደ አለ፤ ሁሉም ቆሟል። እኔ በየደጁ ጫማዬንም ካልሲዬንም አውልቄ፣ መቃኑን ተሳልሜ ነው የምገባው። ሔቨን "አባባ፣ የኛ አይደለም እኮ፣ ካቶሊክ ነው፣ ማንም አያወልቅም" ትለኛለች። የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ቤት በጫማ አልገባም አልኳት። ሁለት ቀን ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሳልነግራት እሷም ማውለቅ ጀመረች።

አምስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ረጅም ዳገት ወጥተን ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አገኘን። ጫማዬን በፊት ለፊት በር አውልቄ ገባሁ፣ ጸለይኩ፣ ከዚያ ነፋስ የሚገባበትን የጎን በር አየሁና በዚያ ወጣሁ። ከፀሐይ ጋር ስጋጠም ዓይኔ ጭልም አለብኝ፤ አንድ እርምጃ ስራመድ ባዶ እግሬ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ገባ። ሳላየው ከሽታው አወቅሁት። የግንበኛው የአባታችን እጅ ሽታ ነው። የተቦካ ኖራ ነው፣ አለምሰገድ!

አንድ ሽማግሌ ከመወጣጫ እንጨት ላይ እየጮኸ ወረደ። ኖራ ቆዳ እንደሚበላ እኔም አልጠፋኝም፣ ግን ደንግጬ ቆሜ ነበር። እየተቆጣ እጄን ይዞ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና፣ በርከክ ብሎ ባልዲ ሙሉ ውኃ በእግሬ ላይ እያፈሰሰ ጣት በጣት አጠበኝ። የማላውቀው የፈረንጅ ሽማግሌ፣ እኔን በሚያህል ዕድሜ፣ እግሬን! ሔቨን ፈረንሳይኛ ተምራለችና እየሮጠች መጥታ አስተረጎመች። ባዶ እግሩን ምን ያዞረዋል ብሎ ነው የተቆጣው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እንደምናወልቅ ስትነግረው፣ ሳሙና ጨምሮ እንደገና አጠበኝ።

ስሙ ሙሴ ዠራር ነው፤ ሙሴ በእነሱ አቶ ማለት ነው፤ ግንበኛ ነው። ምሳ ሰዓት ስለነበር ዳቦና አይብ አቀረበልን። ረቡዕ ነው፣ አይብ አልበላም አልኩ። ዳቦውን በቲማቲም በላሁ። ከዚያ ቀና ስል ግድግዳው ታየኝ። ሆዱ ወደ ውጭ ተነፍቷል፤ ከመስኮቱ ሥር የሚነሳ ስንጥቅ እስከ ጣሪያው ይሄዳል። እሱ ደግሞ በመሮ እየላቀቀ የሚጥለው ሲሚንቶ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት የመንደሩ ሹማምንት በሲሚንቶ አስለስነዋት ነበር አለ። ድንጋይና ኖራ እንደ ሰው ይተነፍሳል አለ፤ ውኃ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። በሲሚንቶ ስትሸፍነው የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ ግድግዳው ከውስጡ ይበሰብሳል፣ ያብጣል። ቃል በቃል አንተ ያኔ ያልከውን ነው የነገረኝ።

ልጅህ አባይነህ ለሔቨን የላከው የኪዳነ ምሕረት ፎቶ ስልኳ ላይ ነበር። አሳዪው አልኳት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ ሲሚንቶውን ማን ነው የለሰነው ብሎ ጠየቀ። ሔቨን ስትተረጉምልኝ መሬት መሬት ታያለች፤ ታሪኩን ከእናቷ ሰምታለች። እኔ ነኝ በይው አልኳት። አልተቆጣም። ፎቶ አይቼ አልምልም፣ ግን እንዲህ ያበጠ ግድግዳ ሁሉ የሞተ አይደለም አለ። ሲሚንቶው ተልጦ፣ አንድ በጋ ደርቆ፣ የላላው ድንጋይ እየተነቀለ በኖራ ቢመለስ ብዙዎቹ ይድናሉ አለ። ቀጥሎ፣ በአገርህ ኖራ የሚያውቅ ሰው ቀርቷል ወይ አለኝ።

ወንድሜ አለ አልኩት። ተነስቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩና መዳፌን ሲሚንቶው የተላጠበት ቦታ ላይ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት የቆመው ድንጋይ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። እኛ ሳንወለድ፣ አያቶቻችን ሳይወለዱ አንድ ሰው በእጁ ያስቀመጠው ድንጋይ ነው፤ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ዛሬ መወጣጫ ላይ ወጥቶ ያስታምመዋል። እኔ የእኛን በአንድ ወረቀት ልጥላት ነበር። የቀረውን መንገድ ሔቨንን ከፊት አስቀድሜ ነዳሁ።

ባለፈው እሁድ እዚህ አውሮራ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ኢሳይያስ ፀጉሩን ያዘ። "ጋሽ ቀጸላ፣ ፕላኑ እኮ አልቋል! ትፍረስ ብለው እኛን ያስፈረሙን እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለኝ። አንዱ ከኋላ "ፈረንሳይ ለሽርሽር ሄደው ሌላ ሰው ሆነው መጡ" ብሎ አሳቀብኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያስፈረምኳችሁ፣ እኔው አስቁሙት እላችኋለሁ፣ ስሜንም ሰርዙ አልኩ። ሦስት ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ አንተ ግድግዳውን መርምረህ ይድናል ብለህ በፊርማህ ከላክህ እስከ ግንቦት ይጠብቃሉ። አይድንም ካልክ ጥቅምት ላይ ይፈርሳል። ከአንተ በቀር የማንንም ቃል አይቀበሉም፤ እኔ ነኝ እንደዚያ እንዲሆን ያደረግኩት።

ስለዚህ ነሐሴ 16 ሕዝቡ ለክብረ በዓል ሲሰበሰብ፣ ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ የተነበበበት ቦታ ላይ ይሄም ይነበብ። የገጠር ግንበኛ ምን ያውቃል ያልኩት ስህተት ነበር። የማያውቀው እኔ ነበርኩ። ይህን ስጽፍ ማንም አስገድዶኝ አይደለም። አንተ ግን ለእኔ ብለህ ይድናል እንዳትል። መዶሻህን ይዘህ ግድግዳውን አንኳኳና አዳምጠው፤ የነገረህን ጻፍ። አይድንም ብትልም እቀበላለሁ።

ደብዳቤውን የምትይዝልኝ ወይዘሮ ውባየሁ ናት፤ ነሐሴ 6 ትነሳለች፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ታደርስልኛለች። እኔም ለጥቅምት ትኬት ቆርጫለሁ፤ መቅደላዊት ጮኻብኛለች፣ አልሰማሁም።

ለባለቤትህ ለፈትለወርቅ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየዓመት በዓሉ ሰላምታ ልካልኝ መልስ ያልሰጠኋት እሷ ናት። አያልነሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። በፎቶ ብቻ የማውቀውን የልጅ ልጅህን ሕፃኑን ኢዛናን ከፍ አድርጋችሁ አንሱልኝ። ለአባይነህ ደግሞ ይህን ንገረው፤ አንተ ይድናል ካልክ፣ መሮና መዶሻ ሁለት ሁለት ያዘጋጅ። አንዱ የእኔ ነው። ሲሚንቶውን እኔ ነኝ ያስለሰንኩት፣ እኔው እልጠዋለሁ፤ አንተ ከላይ ሆነህ እዘዘኝ።

ወንድምህ ቀጸላ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.