ጥቁሩ ጨርቅ

አይናለም፣

በቆጂ መንገድ ላይ አውቶቡስ ተገልብጦ እኛን የነርስ ተማሪዎቹን በሙሉ ለእርዳታ እየወሰዱን ነው። አንቺም ከአዳር ተረኝነት እንደገባሽ ተከተይን ተብለሻል። ቂንጬ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ሳትበዪ እንዳትወጪ። ሹራብሽን ለብሼዋለሁ። የኔ ትናንት በአደጋ ልምምዱ ሣር ላይ ስተኛ ረጥቦ አልደረቀም።

ስለ ልምምዱ ማንሳት አልፈልግም፣ ደክሞኛል።
ግን እግሩ የተሰበረ መስሎ የተኛው ፈቃደ «እግሬን!» እያለ ሲጮህ ወደ እሱ ሮጥሽ። እኔ ዝም ስላልኩ ለሞተ ሰው የሚታሰረውን ጥቁር ጨርቅ አሰርሽብኝ። ሆዷ ውስጥ የሚደማባት ሴት ሁኚ ተብዬ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት አትጮህም። ሁሉም ሳቀ።
አንቺም።

እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ ዝም ያሉት ጋ ሂጂ።

እማዬ ዛሬ ከበቆጂ ትመጣለች ብዬሽ ነበር።
እሷም እንደኔ ናት፤ ቢያማትም አትጮህም።

ጠይባ