ለእሑድ የመረጥኩት ካርድ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለልሽ? እማማ እንዴት ሰነበተች? ዓይኗስ? አናጢው ባልሽና ልጃችሁ ጭራሮስ ደኅና ናቸው? እኔ ከሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ።

እትዬ፣ ይህን የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። እሑድ እሑድ ከእማማ ጋር በኮምፒውተር ስንተያይ ምስሉ በአምስተኛው ደቂቃ ቀጥ ባለ ቁጥር፣ የኢንተርኔቱን ገመድ በመጥረጊያ እየመታሽ ነው ብዬ ተቆጣሁሽ። አንቺም ቻልሽኝ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

ለአሮጌው ኮምፒውተራችሁ ሊኑክስ የሚባለውን ማሠሪያ ሥርዓት የጫንኩት፣ ከኢንተርኔት የሚያገናኘው የድሮው ኔትወርክ ካርድ ሲቃጠልም አዲሱን መርጬ የላክሁት እኔ ነኝ። እዚህ ማተሚያ ቤት ለዓመታት ያላሳፈረን ዓይነት ነውና ሣጥኑን ብቻ አይቼ ላክሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐሙስ ባልሽ የኮምፒውተሩን ክዳን ፈትቶ፣ በካርዱ ቺፕ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክ ሲያነብልኝ ስሕተቴ ገባኝ። የሣጥኑ ስም ያው ነው፤ ፋብሪካው ግን ቺፑን ቀይሮታል። ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም ለዚህኛው ቺፕ ገና አልተስተካከለም፤ ሥራ ሲበዛበት ጸጥ ይላል። እዚህ ሰውን ሁሉ "መጀመሪያ ከፍታችሁ ቺፑን እዩ" እያልኩ የማሰለች ሰው፣ ለእናቴ ሲሆን ሳልከፍት ላክሁ።

አሁን የምልክልሽ ካርድ ያረጀ ነው፤ አለቃዬ "ይሄንማ ለማንም አትስጥ፣ ያሳፍርሃል" ብሎኝ ነበር። ድራይቨሩ ግን ከሊኑክሱ ጋር አብሮ የሚመጣና ብዙዎች ለዓመታት የፈተኑት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምስል ሳስተላልፍበት አንዴም አልተቋረጠም። የጭነት መኪና ሾፌሩ ጎረቤቴ ዓርብ ያደርስልሻል።

ሐኪሙ እማማ ከእንግዲህ ሁለት ወር ብቻ ታይ ይሆናል ካለ ወዲህ ሦስት እሑድ በእኔ ችኮላ ባከነ።

ባልሽን ስለ ድካሙ አመስግኚልኝ። ጭራሮን ግንባሯን ሳሚልኝ። ለእማማ ግን ሰላምታዬን ራሴ አደርሳለሁ። ባርኔጣዬን የማላወልቀው ቤቱ ስለሚበርድ ነው ያልኳት ውሸቴን ነው፤ ፀጉሬ ሸብቶ እንዳትደነግጥ ፈርቼ ነው። እሑድ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጊልኝ። አወልቀዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከማተሚያ ቤቱ ጓዳ፣ ኅዳር 12 ቀን