ኮረብታው ላይ ሰው አለ

ይድረስ በጀርመን አገር ለምትገኚው ለታናሽ እህቴ ለማልሱን፤

ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ዛሬም ጀልባዬን ራሴ እቀዝፋለሁ፣ መረቤን ራሴ እጠግናለሁ፣ ሚስቴ ካረፈች ወዲህም ሩዜን ራሴ አበስላለሁ፤ ያለ መነጽር ከወደባችን ጫፍ የቆመው ሰው ወንድ ይሁን ሴት እለያለሁ። ይህን ያስቀደምሁት ለጉራ አይደለም፤ ወደ ታች ስታነቢ ምክንያቱ ይገባሻል። አንቺስ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ የዚያን አገር ብርድ ቻለው ወይ? ሆርስትስ ሳሉ ለቀቀው? ልጃችሁ ቶርስተን፣ ሚስቱ፣ ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀው ልጃቸውስ ደህና ናቸው? በጽሕፈቴ ጠማማነት አትሳቂ፤ ከባሕር ስመለስ በኩራዝ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺው ነሽና ጥፋቱ የአስተማሪዋ ነው።

ትናንት ደውለሽ፣ "ወንድም ጋሼ፣ የመንደሩ አለቃ ነግሮኛል፤ ዓይኔ ደክሞ ነው በላቸውና ተገላገል" አልሽኝ። ስልኩን የዘጋሁብሽ ተናድጄ ነው። አሁን ረጋ ብዬ ልንገርሽ፤ ረጋ አልሁ ማለት ግን ንዴቴ በረደ ማለት አይደለም።

ነፋስ በተነሣ ቁጥር መርከቡ ስለሚቀር አንድ ኩባንያ መድኃኒት በድሮን ሊያመጣልን ተነሣ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴን ጆምሱንን ታውቂያታለሽ፤ የልቧ ኪኒን ሲያልቅ ከንፈሯ ይጠቁራል። ድሮኑን የሚነዳው ልጅ ማዶ ወደብ ተቀምጦ ነው፤ ኮረብታችን ስለሚጋርደው ከዚያ ወዲህ ያለውን አያይም። ሕጉ ደግሞ የሚነዳው ካላየ የሚያይለት ሰው መንገዱ ላይ ይቁም፣ ከሥሩም ሰው ካለ አይለፍ ይላል። ለዚህ እኔን መረጡኝ። ቢጫ ሰደርያ አልብሰው፣ መነጋገሪያ ሬዲዮ አስይዘው ኮረብታው ጫፍ ላይ አቆሙኝ። እኔ "ነፃ ነው" ካላልሁ አይሻገርም። ደግ ሕግ ነው፤ ስንቱን ሕግ አይቻለሁ፣ ይህን አንዱን ወድጄዋለሁ።

ባለሥልጣናት መጥተው የሚያዩበትን ቀን የቆረጠው ግን አለቃችን ፒዮ ነው። ከቹሶክ፣ ከመከር በዓላችን፣ በፊት ያለውን እሑድ! አንቺ ያን ያህል ዘመን ጀርመን ኖረሽ እንኳ ያ እሑድ ምን እንደሆነ አልረሳሽም፤ አገር ሁሉ የወላጆቹን መቃብር ሣር የሚያጭድበት ነው። ኩባንያው ኮረብታውን ያየው በጸደይ ነበር፤ ያኔ ከፍየልና ከሙታን በቀር ማንም የለበትም። ፒዮ ግን እዚሁ ተወልዶ እንዴት ይረሳል? የረሳው ለአባቱ መቃብር አጫጅ ቀጥሮ እግሩን ከዚያ ካነሣ ዘመን ስላለፈው ነው። ትፍ!

እሑድ ኮረብታው ገበያ መስሎ ነበር። ሁሉም የማጨጃ ሞተሩን አንግቶ፣ ጆሮውን ደፍኖ ሣሩን ይላጫል፤ ሰማይ ቢደረመስ አይሰሙም። ሬዲዮዬ ጮኸ። "አባባ፣ መንገዱ ነፃ ነው?" አለ ነጂው። "ሰው አለ" አልሁት። ድሮኑን ባሕሩ ላይ አቁሞ ጠበቀና ደግሞ ጠየቀኝ። "ሰው አለ፤ መልሰው" አልሁት። ያኔ ማዶ ከእንግዶቹ ጋር የነበረው ፒዮ ሬዲዮውን ነጠቀ። "ጋሼ ዱሆ፣ ትልልቅ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አንዴ ነፃ ነው በለኝ፤ ሽው ብሎ ነው የሚያልፈው" አለኝ። "አንተ ሽው በል! ሰው አለ" አልሁት። ሬዲዮውን እንኳ ሳይዘጋ ልጁን፣ "ሽማግሌው ቁጥቋጦ አይቶ ነው፤ ዓይኑ ጠፍቷል። ኮረብታውን እኔ አውቀዋለሁ፣ ልቀቀው" ሲለው በዚህ በጆሮዬ ሰማሁ።

ድሮኑ ጫፉን እንዳለፈ ከገደሉ ሥር የሚነሣው ነፋስ ገለበጠው። እንዳይከሰከስ የተሠራለት ጃንጥላ በግማሽ ተከፍቶ የእናታችን መቃብር ላይ ወደቀ። እዚያ ያለው የጆምሱን ልጅ ሳንግቺል ነበር፤ እኔ ሰደርያ ለብሼ ስለቆምሁ "ያንተን እኔ ላጭድልህ" ብሎኝ። እየጮህሁ ወረድሁ። የድሮኑ ክንፍ የማጨጃውን እጀታ ቆርጦ ለእናታችን ያመጣነውን የሩዝ ጠጅ ሰባብሮታል። ልጁ ያየው ዞር ሲል ነው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቢሆን ኖሮ... ይቅር፣ አልጽፈውም።

በማግሥቱ ፒዮ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። የበዓል ነው ብሎ አንድ ካርቶን ፖም አስቀመጠና፣ "ጋሼ፣ መርማሪዎች ሲመጡ ‹ነፃ ነው ያልሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ ከዳኝ› በላቸው። ሽማግሌ ማን ያስራል? እምቢ ካልህ የድሮኑ ፈቃድ ይነጠቃል፤ ጆምሱን በክረምት አንድ ነገር ብትሆን የገደልሃት አንተ ነህ" አለኝ። በሰው ልብ ሲነግድ ፊቱ እንኳ አልቀላም። ጫማውን ሳያወልቅ የረገጠውን ወለል ሁለቴ አጠብሁት።

ከዚያ ጆምሱን ራሷ መጣች። ልትለምነኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርሁ። "ምን ትዞራለህ፣ አንተ ደረቅ! ከአጥር ማዶ ሆኖ ጎመንሽን ትል በላው የሚለኝ ዓይን ዛሬ ጠፋ ልትል ነው?" አለችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "መድኃኒቱን እፈልገዋለሁ። ልጄንም እፈልገዋለሁ። አንዱን በአንዱ አልለውጥም" አለች።

ሐሙስ መርማሪዎች ይመጣሉ። ያየሁትንም የሰማሁትንም እነግራቸዋለሁ። ድሮኑ ይምጣ፤ የሚያይ ሰው ሲናገር የሚሰማ ግን ይኑረው።

ሆርስትን ሳልህን አትናቅ በዪልኝ። ቶርስተንን፣ ሚስቱን፣ ትንሺቱንም ሳሚልኝ። ፒዮ ቢደውል አታንሺ፤ እኔን ደግፈሽም ለማንም አትደውዪ። ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ለሳንግቺል የማጨጃውን እጀታ ጠርቤ እሠራለታለሁ። የእናታችንን መቃብር ሣር መልሼ አለብሳለሁ፤ የሩዝ ጠጇንም እደግምላታለሁ። ፈቃዱ እስኪመለስ ባሕሩ በተኛ ቀን ሁሉ የጆምሱንን ኪኒን በጀልባዬ አመጣለሁ። ለፒዮ ፖሙን በሰው ፊት እመልስለታለሁ። ለነጂው ልጅም አንድ መልስ አለብኝ፤ ከወደቀ በኋላ "አባባ፣ ሰው ነካ? አባባ?" እያለ በሬዲዮው ሲያለቅስ፣ ሳልመልስለት ሮጬ ወርጄ ነበር። ሐሙስ ከሁሉ በፊት እሱን ፈልጌ፣ "ማንንም አልነካም፣ ልጄ" እለዋለሁ።

ወንድምሽ ታክ ዱሆ
ሶልሚ ደሴት፣ ከቹሶክ በፊት ባለው ማክሰኞ