ሳንመርጠው የቀረነው ዲያቆን

ታከለዬ፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ቀረው። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካህናቱ አንተ ያለህበት ቦታ ብርድም ሕመምም የለም ይላሉ፣ እኔም አምኛቸዋለሁ። እዚህ ደባርቅ ግን ብርዱ እንዳለ ነው፤ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ጋር ሳይማከር አይነሣም። ከዚያ በቀር ደኅና ነኝ። እንዲያውም፣ ለሰው እንዳትነግርብኝ እንጂ፣ ደስ ብሎኛል። የምጽፍልህ አንድ የቆየ ጥፋቴን ልናዘዝልህ ነው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው «ይህ የኳስ ነገር ነው፣ ኃጢአት ውስጥ አይገባም» ብለው መለሱኝ። ስለዚህ ላንተ ቀረ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ማኅሌት ቡይት ራስ ካለው ሎጅ ወጥ ቤት ወደ እንግዳ መቀበያው ተዛውራለች። ደመወዟ ያው ነው፣ ወንበር ግን አግኝታለች። የስፌት መኪናህን አልሸጥኳትም። በረንዳው ላይ በቦታዋ ናት፤ እኔ መስፋት ስለማልችል መጽሐፍ ዘርግቼባት አነባለሁ፣ እግሬም ሳላስበው ፔዳሏን ይረግጣል። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ሥራ በዝቶብኝ አያውቅም።

ሜዳችንም ሲሚንቶ ሆነ። ያ የትምህርት ቤቱ አፈር ሜዳ ወደ መንገዱ ያዘነበለ ስለነበር ኳስ ካመለጠ በራሱ ጊዜ የሊማሊሞን ቁልቁለት ጉዞ ይጀምር ነበር። አንድ ቀን አይሱዙ ላይ ጥልቅ ብሎ አዲ አርቃይ ድረስ ወርዶ፣ በሳምንቱ በአውቶቡስ ጋቢና ተቀምጦ ሲመለስ፣ አንተ ረዳቱን «ትኬት ቆርጧል?» ብለህ ጠየቅከው። «ጋሼ፣ ሕፃን ነው ብለን በነጻ አመጣነው» አለህ። አሁን ሜዳው ቀጥ ብሏል። ልጆቹ ግን ዘንበላውን ለምደውት ስለነበር ኳሱን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይስቱታል። ቀጥ ያለ ነገርም መለመድ አለበት።

ወደ ጥፋቴ ልግባ። ነገሩ የዚያ የዲያቆን ሰጠኝ ነው። አንተ ብታውቀውም ይህ ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ግራ እንዳይጋባ ከሥሩ ልጀምር።

ደባርቅና ዳባት በየዓመቱ ዳግም ትንሣኤ ላይ የቅርጫት ኳስ ይጋጠማሉ። ቀድሞ ለትምህርት ከገጠር የሚመጡትን ልጆች ሁለቱ ከተሞች ይሻሙ ነበር፤ አንዱ ጫማ ሲገዛ ሌላው ጫማና ካልሲ እየገዛ ነገሩ ወደ ጠብ ሲያመራ ሽማግሌዎች ገብተው ሥርዓት ሠሩለት። የገጠሩ ተጫዋቾች ሁሉ በአንድ ቀን ሜዳ ላይ ይታያሉ፤ ዕጣ ይጣልና አንድ ለደባርቅ፣ አንድ ለዳባት እየተባለ በተራ ይመረጣል። የተመረጠ ተመረጠ ነው፤ መቀየር የለም። ወጣቶቹ ከቴሌቪዥን በለቀሙት ቃል «ድራፍት» ይሉታል። በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ ስም የተነሣ ያልተጠበቀ ሰው ጎርፎ፣ ብርጭቆ አለመኖሩን ሲያረጋግጥ አዝኖ ተመለሰ። ቀኑ ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም፣ ዓርብ ረፋድ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ማንም አይመጣም።

ጥፋቴን በሠራሁበት ዓመት ቀድሞ የመምረጡ ዕጣ ለእኛ ወጣ። ደባርቅን ወክለህ የተቀመጥከው አንተ ነበርክ፤ የቡድኑን ማሊያ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ስለሆንክ የሰው ትከሻ በዓይንህ ትለካለህ ብለው ነው። እኔ ጽሕፈቷ ያምራል ተብዬ ከጎንህ ስም እመዘግባለሁ። ሰጠኝ የሚባል፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ ማለት ግድ የሆነበት ረጅም ዲያቆን ነጠላውን አጣጥፎ የቅርጫቱ ምሰሶ ሥር አስቀመጠና ገባ። ኳሷ ስትደርሰው እንደ ጸበል በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆመ። ለማን እንደሚሰጣት ሲያስብ ተነጠቀ። ሁለተኛም እንዲሁ። በመጨረሻ ምሰሶውን ተደግፎ ዓይኑን ከደን አደረገ። ከእሱ ቀጥሎ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ የመጣ ፈንታሁን የተባለ በቅሎ ነጂ ገባና ሜዳውን እንደ ዳገት ደጋግሞ ዞረው።

እኔ ወደ ጆሮህ ጠጋ ብዬ «ያ ረጅሙ ቆሞ የሚተኛ ነው፣ ተወው። እንቅልፍ በቁመት አይካስም» አልኩህ። እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ራሴን እወደዋለሁ፣ ታውቀኛለህ። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ልጁን አየህና ተነሥተህ «ደባርቅ ፈንታሁንን መርጧል» አልክ። የዳባቱ መራጭ አንተ እስክትቀመጥ እንኳ አልጠበቀም፤ «ሰጠኝ!» አለ።

ያላሰብነው ነገር ይህ ነበር። እኛ የከተማ ጿሚዎች ነን፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽሮአችን ይጠብቀናል። ሰጠኝ ግን የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፤ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውኃም በአፉ አይዞርም። ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው በፀሐይ ሩጥ ብለን፣ አልሮጠም ብለን ፈረድንበት። ፈንታሁን «መንገደኛ ጾም የለበትም» በሚል የራሱ ትርጓሜ ኪሱን ቆሎ ሞልቶ እንደመጣ በኋላ ነግሮናል። እኔስ? ለጨጓራዬ ከንስሐ አባቴ ፈቃድ ስላለኝ ያን ጠዋት የተልባ ፍትፍቴን በልቼ ነው የመጣሁት። ልጁን እንቅልፋም ያልኩት ጠግቤ ነው።

ፋሲካ አልፎ፣ ሰጠኝ ሳምንቱን ሙሉ በየዘመዱ ቤት ዶሮ ሲጋበዝ ከርሞ ሜዳ ሲገባ ሌላ ሰው ነበር። ነጥብ የሚጽፈው መምህር ጠመኔ አለቀበት። የእኛ ፈንታሁን ደግሞ ማሊያው ጉልበቱ ላይ ደርሶ፣ ቀሚስ ሆኖበት፣ በአንድ እጁ እየሰበሰበ ይሮጣል። ያኔ ነው የገባኝ። ማሊያውን የቆረጥከው ከምርጫው ቀን በፊት፣ ለረጅም ሰው ነበር። ልትመርጥ የመጣኸው ቤተ ክርስቲያን የምታየውን ሰጠኝን ነበር።

ከዚያ በኋላ «የታከለ ምርጫ» የአገር ተረት ሆነ። አንካሳ በቅሎ የገዛ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ እህል ያሰጣ፣ ሰነፍ ያገባች ሁሉ «የታከለ ምርጫ ነው» ይባል ጀመር። ጸጉር አስተካካዩ ሞላ ሱፍ ሊያሰፋ መጥቶ ጨርቅ ስታሳየው «የለም ጋሼ፣ መምረጡን ለእኔ ይተዉት፤ እርስዎ ይቁረጡ» አለህ። አንተም ሜትርህን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ «ለአንተ ሆድ ጨርቅ አይመረጥም፤ የሚበቃ ይፈለጋል እንጂ» አልከው። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሚቆጨኝ ያ ሳቄ ነው። አንድም ቀን ለሰው አልተናገርክም፤ ለብቻችን ስንሆን እንኳ «አንቺ ነሽ» አላልከኝም። እኔም «እኔ ነኝ» አላልኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ቆይቷል ብዬ ተውኩት፤ በመጨረሻ አንተ ታመምክ፣ አልጋ ላይ የተኛን ሰው ስለ ቅርጫት ኳስ ይቅርታ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ሳልነግርህ ሄድክ። ስምህ ግን ተረቱ ውስጥ ቀረ፤ አንተን አይተው የማያውቁ ሕፃናት ሁሉ ይሳለቁበታል።

ዘንድሮ የመራጭነት ወንበርህን ለእኔ ሰጡኝ። በዳባት በኩል ማን እንደተቀመጠ ገምት፦ ሰጠኝ! ትልቅ ከተማ ሄዶ ለክለብ ተጫውቶ፣ ጉልበቱን ተጎድቶ፣ ዳባት ተመልሶ መምህር ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ተሰበሰብን። ዕጣው ለእኛ ወጣ። ልጆቹ ተራ በተራ ሲጫወቱ አየን። ልመርጥ ስል ሞላ ከኋላዬ «እትዬ ዘነቡ፣ አደራ! የታከለ ምርጫ እንዳይሆን!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉም ሳቀ።

ተነሣሁ። «የታከለ ምርጫ የምትሉት የታከለ አይደለም» አልኩ። «እሱ ሰጠኝን ሊመርጥ ነበር፤ ማሊያውን እንኳ በልኩ ቆርጦለት ነበር። ተወው ያልኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የዘነቡ ምርጫ በሉት።»

ይኸው ነጻ አወጣሁህ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ሞላ ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ። «ወይ እትዬ! የሞተ ባሏን ጥፋት እኔ ልሸከም የምትል ሚስት! እንዲህ ያለችውን ለእኛም ይስጠን!» አይል መሰለህ። አጨበጨቡ። «እውነቴን ነው እኮ!» አልኩ። የባሰውን አጨበጨቡ። «በማርያም...» ልል ስል የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ቄስ እጃቸውን አንሥተው «ልጄ፣ በጾም አትማዪ። ፍቅርሽን አይተናል፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ጮክ ብዬ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ሳልታመን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ማንን መረጥሽ ትለኝ ይሆናል። «ከእናንተ መካከል እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም እጁን ያውጣ» አልኩ። ሦስት እጅ ወጣ። ከሦስቱ በጣም ቀርፋፋውን መረጥኩ። ሞላ ራሱን ያዘ። ሰጠኝ ግን ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ልጁ እውነተኛ ቀርፋፋ ይሁን ወይም የተራበ፣ ፋሲካ ሲደርስ እናያለን።

ተረቱ ግን ተገልብጧል፣ ታከለ። በሳምንቱ «የታከለ ምርጫ» ማለት ጥሩ ሚስት ማግኘት ማለት ሆነ። ሞላ ራሱ ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ «የታከለን ምርጫ ይስጥህ» ብሎ መረቀው አሉ። አንተ ያላጠፋኸው ጥፋት ይቅር ተባለልህ፤ እኔ ባልዋሸሁት ውሸት ተመሰገንኩ። ፍትሕ በጓሮ በር ገብታ ቁጭ ብላለች፤ በየት መጣሽ ብዬ ላስወጣት አልደፈርኩም።

ያመነኝ ሰጠኝ ብቻ ነው። ሰዉ ሲበተን መጥቶ፣ ያን ሁሉ ቁመቱን አጥፎ ጉንጬን ሳመኝና «እትዬ፣ እኔስ አውቅ ነበር» አለኝ። «ምሰሶውን ተደግፌ ሳለሁ ወደ ጋሼ ጆሮ ጠጋ ሲሉ አይቻለሁ።» መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ሲሚንቶ ሆነ እንጂ።

ከዚያ የማላውቀውን ነገረኝ። በዚያ በድሮው የምርጫ ዓርብ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመህ ስትጠብቀው አገኘህ። «ሰላምታም ሳይሰጡኝ 'በልተሃል?' አሉኝ። አልበላሁም ስላቸው ከኮታቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዳቦ አወጡ። 'ይህን ጠዋት መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው' አሉኝ። በልቼ እስክጨርስ ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ሌላ አልተናገሩም።»

ሌላ አልተናገርክም። ያን ቀን ዘግይተህ ስትገባ የት ነበርክ ብልህ «ዳቦ ቤት ሰልፍ ነበር» አልከኝ። በእጅህ ዳቦ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩህም። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስንት ዓመት ስፈራ፣ አንተ ለካ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሰኸዋል። ሰጠኝ ይህን ነግሮኝ ሲሄድ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ። ቤት ገብቼ ደኅና አድርጌ በላሁ፤ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከሰጠኝ ጋር ሆነን ለሽማግሌዎቹ አመልክተናል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ምርጫው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሁሉም ቀምሶ ይሆናል ብለው ፈቅደዋል፤ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በሚያምረው ጽሕፈቴ። ጻድቅ ነበርክ ብዬ ለሰው አላወራም፤ ሽሮ ስትበላ እንደምትረጭና ስታንኮራፋ ግድግዳው እንደሚሰማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን በዚያ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ፣ የማንንም ሩጫ ከመመዘኔ በፊት ልጁን ጠርቼ «በልተሃል?» እለዋለሁ። መልሱን ሳልሰማ ስሙን አልጽፍም። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ያንተው ዘነቡ